ሁሉም እየሳቀ ያለፈ ስህተት፦ ለሪክሪኤሽን ቴራፒ ተማሪ አስተያየት ስለ መስጠት

ሪክሪኤሽን ቴራፒ ውስጥ ተማሪ ማሠልጠንን ከባድ የሚያደርገው ስህተት ቶሎ አለመታየቱ ነው። የነርስ ተማሪ መርፌ ስትስት ታካሚው «ውይ!» ይላል። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ታካሚው ሲራመድ የሚደገፍበትን ቀበቶ አላልታ ከያዘች ሰውየው ይንገዳገዳል። የሪክሪኤሽን ቴራፒ ተማሪ ስትሳሳት ግን ክፍሉ ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ታካሚዎቹ «ነገም ትመጪያለሽ አይደል?» ይሏታል። አሠልጣኟም በር ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ሕክምናው ግን ያን ቀን ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ እዚህ ሙያ ውስጥ ለተማሪ የሚሰጥ አስተያየት ተማሪዋ ከምታየው በላይ ማየትን ይጠይቃል። «ጎበዝ» ማለት ቀላል ነው። ተግሣጽም እንደዚያው። የሚከብደው ያየነውን ነገር ከታካሚው ግብ ጋር አያይዞ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ ተማሪዋ ነገ ልትሠራበት በምትችልበት መንገድ መንገር ነው።

ሙያውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ሪክሪኤሽን ቴራፒ ጨዋታን፣ ስፖርትን፣ ሙዚቃን፣ ሥዕልን፣ አትክልት መንከባከብን፣ ምግብ ማብሰልን እንደ ሕክምና የሚጠቀም ሙያ ነው። በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀይ መስቀል ሠራተኞች በወታደር ሆስፒታሎች ውስጥ ቁስለኞችን በጨዋታና በእጅ ሥራ ያግዙ ነበር። ዛሬ ሙያው በማገገሚያ ማዕከላት፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች፣ በአረጋውያን መንከባከቢያዎችና በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ይሠራል። ሰው ከማዝናናት የሚለየው በአካሄዱ ነው። ቴራፒስቱ መጀመሪያ ታካሚው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚቸግረው ይመዝናል። ግብ ያወጣል። ያቅዳል። ይሠራል። ውጤቱን ያያል። ከዚያ ይጽፋል።

በሙያው የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ ምክር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ወረቀቱ በምህጻረ ቃል ሲቲአርኤስ ይባላል። በትምህርት በኩል ለሚመጣ ተማሪ ዲግሪ፣ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) እና ፈተና ያስፈልጋል። ኢንተርንሺፑ ቢያንስ 560 ሰዓት ነው፤ ይህም በሙሉ ሰዓት 14 ሳምንት ይሆናል። የሚከናወነውም የምስክር ወረቀቱ ባለው ቴራፒስት ሥር ነው። ተማሪዋ ከመጽሐፍ የተማረችውን ወደ እጇ የምታስገባው በእነዚህ ሳምንታት ነው። አንድ ያልታረመ ልማድ በሦስተኛው ሳምንት ከተጀመረ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ሥር ይሰዳል።

አሁን አንድ ክፍል ውስጥ እንግባ።

ቦታው የስትሮክ ማገገሚያ ነው። ታካሚው አዛውንት ናቸው። ስትሮኩ የመታው የአንጎላቸውን ቀኝ ክፍል ነው። ከእንዲህ ያለ ስትሮክ በኋላ አንዳንድ ሰዎች በግራቸው በኩል ያለውን ነገር ልብ ማለት ያቆማሉ። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። አንጎላቸው ግን ወደ ግራ ትኩረት አይልክም። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በልተው የግራውን ይተዉታል። ጢማቸውን በቀኝ በኩል ብቻ ይላጫሉ። ዊልቸራቸው በግራ በኩል ከበሩ መቃን ጋር ይጋጫል። ቤት ሲመለሱ ደግሞ መንገድ ማቋረጥ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ደረጃ አለ።

ተማሪዋ ለእሳቸው የካርድ ጨዋታ አዘጋጅታለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ካርዶቹ በጠረጴዛው ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ተደርድረዋል። በጠረጴዛው የግራ ጫፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። ታካሚው መጀመሪያ ቀዩን ፈልገው ማግኘት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቀኝ ማምጣት አለባቸው። የቀኑ ግብም ይኸው ነው፦ ሳይነገራቸው ወደ ግራ መመልከት።

ሦስተኛው ዙር ላይ አዛውንቱ የሚፈልጉት ካርድ በግራ በኩል ነበር። ዓይናቸው በቀኝ በኩል ተንከራተተ። ዝም አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሌሎች ሁለት ታካሚዎች ይጠብቃሉ። አምስት ሰከንድ አለፈ። ተማሪዋ አንጀቷ አልቻለም። ካርዱን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ሳበችላቸው። አገኙት፣ ሳቁ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገች። ጨዋታው ሲያልቅ አዛውንቱ ደስ ብሏቸው ነበር። ወደ ግራ ግን አንድ ጊዜም አንገታቸውን አላዞሩም።

አሠልጣኙ ይህን አይቷል። ምን ይበላት?

«ጎበዝ፣ በጣም ወደዱሽ» ሊላት ይችላል። ውሸት አይደለም። ግን ነገም ካርዱን ትስባለች፤ እንዲያውም ቶሎ ብላ ትስባለች።

«ትዕግሥት የለሽም» ሊላትም ይችላል። ይህ ደግሞ ስለ ጠባይዋ የተሰጠ ፍርድ እንጂ ስለ ሥራዋ የተነገረ ነገር አይደለም። ቤቷ ሄዳ «እኔ ትዕግሥት የለኝም እንዴ?» እያለች ስታብሰለስል ታድራለች። በማግሥቱ ፊቷ ይጠቁራል እንጂ እጇ የተለየ ነገር አይሠራም።

ወይም ደግሞ እንዲህ ሊላት ይችላል። «ሦስተኛው ዙር ላይ የግራውን ካርድ ሲፈልጉ ትንሽ ጠበቅሽና ወደ ቀኝ ሳብሽላቸው። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ ሳብሽ። የዛሬው ግብ ራሳቸው ወደ ግራ እንዲያዩ ነበር። ካርዱ ወደ እሳቸው ስለመጣ አንገታቸው አልዞረም። ያኔ ምን እያሰብሽ ነበር?»

እሷም መለሰች። «አሳዘኑኝ። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

ይህ መልስ ብዙ ነገር ይገልጣል። ችግሩ ትዕግሥት ማጣት አልነበረም። ልጅቷ ሽማግሌ ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር በሆነበት ቤት አድጋለች። እጇ የተንቀሳቀሰው ከአክብሮት ነው። አሠልጣኙ «ትዕግሥት የለሽም» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ያልነበረ በሽታ ሊያክም ነበር። ደግሞም ልጅቷ ያነሣችው ነገር ተገቢ ነው። ሰውየው በሌሎች ፊት ማፈራቸው በእርግጥ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መልሱ «ዝም ብለሽ ጠብቂ» ሊሆን አይችልም።

ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ነገር ተስማሙ። ካርዱ አይነካም። እገዛው ግን በደረጃ ይሰጣል። መጀመሪያ በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች። ካልሆነ «ቀዩን አገኙት?» ብላ ትጠይቃለች። አሁንም ካልሆነ ፕላስተሩን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። በመጨረሻ ብቻ እጃቸውን ይዛ ወደ ግራ ትመራለች። እንዳያፍሩ ደግሞ ነገ ጨዋታው ለሁለት ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ታካሚዎች በሚቀጥለው ሳምንት ይግቡ። አሠልጣኙ ነገ ቁጭ ብሎ የሚያየው ይህንኑ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ድምፅዋ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ወንበሩ አቀማመጥ ነገ አያነሣም።

ያ ንግግር የወሰደው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በውስጡ ግን የታየ ድርጊት አለ። በታካሚው ላይ ያመጣው ውጤት አለ። ግቡ አለ። የተማሪዋ ምክንያት ተሰምቷል። ነገ የሚሞከር ነገር አለ። እኔ አስተያየት የምለው ይህንን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ፤ ሁለቱም ልማዳችንን የሚፈታተኑ ናቸው። አቭራሃም ክሉገር እና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሲሶ በሚበልጠው ጊዜ የሰዎቹን ሥራ ጭራሽ አባብሶታል። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ትኩረቱ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት በዞረ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ ለተግሣጽ ብቻ ሳይሆን ለሙገሳም ይሠራል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። የሕክምና ተማሪዎች የቀዶ ሕክምና ክር ቋጠሮ እንዲለማመዱ ተደረገ። ለከፊሎቹ ስለ እጃቸው አሠራር ለይቶ የሚጠቁም አስተያየት ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ጠቅለል ያለ ሙገሳ ብቻ። ቋጠሯቸው የተሻሻለው አስተያየት የተሰጣቸው ናቸው። የበለጠ የረኩት ግን የተሞገሱት ናቸው። ይህን ልብ እንበል። ተማሪዋ ደስ ብሏት መውጣቷ ተምራ ለመውጣቷ ማስረጃ አይሆንም። በኢንተርንሺፑ ማብቂያ «አሠልጣኜ በጣም ጥሩ ሰው ነበር» ብትልም እንደዚያው።

ይህ ማለት ሙገሳ ይቅር ማለት አይደለም። ሙገሳም እንደ እርማቱ ጥርት ብሎ ይነገር ነው የምለው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንዲት እናት «ቢንጎ አልጫወትም፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ብለው ተቆጡ እንበል። ተማሪዋ አልተከራከረችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ስለ ቤታቸው ጠየቀቻቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ካርድ አንሥተው መጫወት ጀመሩ። እዚህ ላይ «ጎበዝ» ማለት ይህን ሁሉ ማባከን ነው። «ሲቆጡ አልተከራከርሻቸውም፤ ቁመትሽን ዝቅ አድርገሽ ስለ ቤታቸው ጠየቅሻቸው፤ የተረጋጉት ከዚያ በኋላ ነው» ስትባል የትኛው ድርጊቷ እንደሠራላት ታውቃለች። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ላይ ደግማ ትሠራዋለች። ብዙ ተማሪዎች መልካም ሥራቸውን በደመ ነፍስ ነው የሚሠሩት። ካልተነገራቸው እንደሠሩት እንኳ አያውቁም።

ይህን የመሰለ አስተያየት ለመስጠት ማየት ይቀድማል፤ ለማየት ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የምመክረው ተራ ቁራጭ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ መያዝ ነው። በአንዱ በኩል ተማሪዋ ያደረገችውና የተናገረችው ቃል በቃል ይጻፋል። በሌላው በኩል ታካሚው ያደረገው። «ተነቃቅታለች»፣ «በራሷ ትተማመናለች» የሚሉ ቃላት እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የላቸውም። ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ከሆነ አሠልጣኙ ተማሪዋን ብቻ ሲያይ ውሏል ማለት ነው።

ጆን ሃቲ እና ሄለን ቲምፐርሊ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደጻፉት ጥሩ ግብረ መልስ ለሦስት ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ወዴት ነው የምሄደው? አሁን የት ነኝ? ቀጥሎ ምን ላድርግ? በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ነው። የታካሚው ግብ አለ፣ የተማሪዋ የራሷ የትምህርት ግብም አለ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት «በዚህ ሳምንት ምን ላይ ዓይኔን ልጣል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያቀላል። «ቡድን ስመራ ዝምተኛ ታካሚዎችን እረሳለሁ፤ እሱን እይልኝ» ካለች፣ ዓርብ ላይ የሚነገራት ነገር ራሷ የጠየቀችው ነው። ዱብ ዕዳ አይሆንባትም።

መቼ ይነገር? በአብዛኛው በዚያው ቀን፣ ከታካሚ ርቆ፣ በሩ ተዘግቶ። ኮሪደር ላይ ወይም አሳንሰር ውስጥ አይሆንም። አንደኛ የታካሚ ምስጢር አለ፤ የአሜሪካው የሂፓ ሕግ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ሁለተኛ የልጅቷ ክብር አለ። ስህተት በስብሰባ ፊት በሚዘረዘርበት ግምገማ ውስጥ ያለፍን ሰዎች ደግሞ ያንን ልማድ ይዘን እንዳንመጣ መጠንቀቅ አለብን። ታካሚ ፊት የተዋረደች ተማሪ በዚያ ታካሚ ዘንድ ቴራፒስት መሆኗ ያበቃል። ነገ «ተነሡ እንሞክር» ስትላቸው ማን ይሰማታል?

ደኅንነት ሲነካ ግን መጠበቅ የለም። የዊልቸር ፍሬን ሳይያዝ ታካሚው ሊነሣ ነው። ወይም በማብሰያው ቡድን ውስጥ የመዋጥ ችግር ስላለበት የላመ ምግብ ብቻ እንዲበላ ለታዘዘለት ሰው ተማሪዋ ብስኩት ልታቀብል ነው። ያኔ ወዲያው መግባት ነው። አጭርና ረጋ ያለ ቃል ይበቃል። «ቆዪ፣ ብስኩቱን እኔ ልያዘው፤ ለእሳቸው ፑዲንጉን እናምጣላቸው።» ምክንያቱ በኋላ፣ ለብቻ ይነገራል። ተማሪ ስትመጣ በመጀመሪያው ቀን «ደኅንነት ከሆነ መሀል ላይ እገባለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ግን እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ» ብሎ ማስታወቅ ደግሞ ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል።

«ሳንድዊች» ስለሚባለው ዘዴ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሙገሳ፣ እርማት፣ እንደገና ሙገሳ። እኔ አልወደውም። ተማሪዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘዴውን ትለምደዋለች። ከዚያ ወዲያ «ዛሬ ሰላምታሽ በጣም ደስ ይላል...» ስትሏት ጆሮዋ «ግን» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። እውነተኛው ሙገሳችንም አብሮ ይረክሳል። አንዳንዷ ደግሞ በተቃራኒው መሀል ያለውን እርማት ጭራሽ ሳትሰማው ሁለቱን ሙገሳዎች ይዛ ትሄዳለች። ሙገሳ ካለ ራሱን ችሎ ይነገር። እርማት ካለም እንዲሁ።

መጀመሪያ ተማሪዋን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን ይህም ይበላሻል። «እንዴት ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?» ብለን፣ እኛ ልባችን ውስጥ የያዝነውን መልስ እስክታገኝ ድረስ «ሌላስ? ሌላስ?» የምንል ከሆነ ጥያቄ አይደለም። መርማሪ ፊት የተቀመጠች ነው የሚመስላት። የምናውቀውን ነገር እንንገራት። የማናውቀውን እንጠይቃት። ካርዱን እንደሳበች አይተናል። ለምን እንደሳበች ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው የጽሑፍ ሥራ ነው። ተማሪዎች በታካሚው መዝገብ ላይ የሚጽፉት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «ታካሚው በቡድን ጨዋታ ተሳትፈዋል። ተደስተዋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ቀን ሊጻፍ ይችላል። አሠልጣኙ ሲቸኩል በቀይ ይሰርዝና ራሱ አስተካክሎ ይጽፈዋል። ልጅቷም ፈርማ ትሄዳለች። የተማረችው ነገር የለም። ከዚህ ይልቅ ወረቀቱን መልሶ «ነገ እኔም አንቺም ባንኖር፣ ይህን ያነበበ ቴራፒስት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛው ሙከራዋ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በ30 ደቂቃ የካርድ ጨዋታ በግራ በኩል ከተቀመጡ 10 ካርዶች 6ቱን ያለ እገዛ አገኙ። ለ3ቱ የቃል ማስታወሻ፣ ለ1ዱ በጣት መጠቆም አስፈልጓል።» አሁን ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም፣ ሙያውን የሚጠራጠር ሰውም ሥራው ምን እንደሆነ ያያል። ሁሉንም ማስታወሻ እንዲህ ማረም ጊዜ አይበቃም። በሳምንት ከአንዱ ማስታወሻ ጋር በደንብ መቀመጥ ሃያውን በችኮላ ከመሰረዝ ይበልጣል።

አሁን ስለ እኛ ሰዎች ትንሽ ልናገር። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ በአረጋውያን መንከባከቢያና በሆስፒታል የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ከሥራው ጎን እየተማረ ወደ እንዲህ ያለ ሙያ የሚገባም አለ። ታላቅ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ «እሺ» እንዲል የተማረ ልጅ፣ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ፊት ሲቀመጥ ሊያስቸግር ይችላል። አሠልጣኙ ዓይኑን ስላላየው «ግድ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ደግሞ አክብሮት ማሳየቱ ነው። «እሺ» ማለቱም ሰምቻለሁ ማለት እንጂ ገብቶኛል ማለት ላይሆን ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ «ገባህ?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ነገ እንዴት እንደምታደርገው አሳየኝ፤ እኔ ታካሚውን ልሁን» ማለት ይሻላል። አሠልጣኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ግራ አላይም ይላል። ተማሪው ይቆጥራል፣ ይጠይቃል፣ ፕላስተሩን ይነካል። የገባውና ያልገባው እዚያው ይታያል። ዝምተኛ ተማሪም በእጁ ይናገራል።

አሠልጣኙም ተማሪዋም ሐበሻ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ይሉኝታ። «የሰው ልጅ፣ እንዴት ፊት ለፊት እነግራታለሁ?» ይባላል። ነገሩ ለሥራ ባልደረባ ይነገራል። ከባልደረባ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። በመጨረሻ ልጅቷ ከማትጠብቀው አፍ ትሰማዋለች። እንዲህ ያለው ዝምታ የሚያዝን ይመስላል፤ ለእሷ ግን ከሁሉ ይጎዳል። ስሟ በክፍሉ ሲነሣ ሰንብቶ የምታርመውን ነገር የነገራት አንድም ሰው አልነበረም።

በኢንተርንሺፑ አጋማሽና መጨረሻ ላይ የሚሞላ የምዘና ቅጽ አለ። ያ ቅጽ ፍርድ ነው። ዕለታዊው አስተያየት ደግሞ መረጃ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ቅጹ ላይ ተማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነበው ነገር ሊኖር አይገባም። በሰባተኛው ሳምንት «የጽሑፍ ሥራዋ ደካማ ነው» ተብሎ ከተጻፈ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የተነገራት መሆን አለበት።

የማለፏ ነገር የሚያጠራጥር ከሆነም ቶሎ ይነገራት። በጽሑፍ ይሁን። ምን እንደጎደለ፣ እስከ መቼ ምን መታየት እንዳለበት፣ ማን እንደሚያግዛት ተለይቶ ይጻፍ። የዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪም በዚያው ሳምንት ይጠራ እንጂ በአሥራ ሦስተኛው አይጠበቅ። 560 ሰዓት ሞልታ ነገር ግን ታካሚ መመዘን ያልቻለችን ተማሪ አዝኖ ማሳለፍ ልቤን ያሳምመዋል። ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ ከተማ ያለ፣ ስሙን የማናውቀው ታካሚ ነው።

ተነግሯትም ያው ስህተት ሲደጋገምስ? ከመቆጣት በፊት ምክንያቱን መፈለግ ነው። ላታውቀው ትችላለች፤ ያኔ ማስተማር ነው። አውቃው እጇ ገና አልለመደ ይሆናል፤ ያኔ ሳይፈረድባት የምትለማመድበት ጊዜ መስጠት ነው። ወይም ታውቀዋለች፣ ትችለዋለች፣ ግን አልተስማማችም ወይም አንጀቷ አይችልም። ይህን ሦስተኛውን በሥልጠና ብዛት መፍታት አይቻልም። ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል። አንዳንድ ጊዜም ልክ የሆነችው እሷ ናት። ታካሚውን በቀን ሁለት ሰዓት ያየችው እሷ ሆና እኛ አሥር ደቂቃ ብቻ አይተን ሊሆን ይችላል።

አሠልጣኙም ስለ ራሱ መስማት አለበት። «እንዴት ነኝ?» ተብላ ብትጠየቅ «በጣም ጥሩ» ነው የምትለው። ሰዓቷን የሚፈርምላት ሰው ፊት ሌላ ምን ትበል? ጥያቄው ትንሽና ቁርጥ ያለ ሲሆን ግን መልስ ይገኛል። «በዚህ ሳምንት ከነገርኩሽ ውስጥ የትኛውን ተጠቀምሽበት? የትኛው አልረዳሽም?» አንዷ ተማሪ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ቡድኑ እንዳለቀ ወዲያው ስትነግረኝ ቀጣዩን ታካሚ እያሰብኩ ስለምሆን ግማሹን አልሰማህም።» ይህ ሲባል መከላከል አያስፈልግም። በሚቀጥለው ቀን ያችን ቁራጭ ወረቀት ወዲያው ሰጥቷት ንግግሩን ወደ ሥራ ማብቂያ ያዛውረው። የተናገረችው ነገር በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ነገር ሲቀይር ካየች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳትጠየቅ ሌላ ትነግረዋለች።